ጥር 23 በእንጅባራ፦ ፈረሰኞቹ ከየት መጡ?

የባንጃ ልጅ (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በስልኬ የጥር 23ን ቪዲዮ አየች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች የ12 ዓመት ልጅ ናት። ያ ሁሉ ፈረስ በግላስ (በፈረስ ማጌጫ ልብስ) አጊጦ እንደ ጎርፍ ሜዳውን ሲሞላው አየችና "አጎቴ፣ ይሄ ፊልም ነው?" አለችኝ። "አይደለም፣ የአገራችን በዓል ነው" ብዬ መናገር ጀመርኩ፤ ሁለት ነገር ተናግሬ ዝም አልኩ። ከፈረስ ወድቄ ክንዴን ሰብሬ ያደግኩ ሰው ነኝ። የበዓሉን ታሪክ ግን ለአንዲት ሕፃን አስተካክዬ መንገር አቃተኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ።

የማውቀውን ልጻፍ፤ የጎደለውን እናንተ ሙሉልኝ። ማኅበሩ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ይባላል። ሰባቱ ቤቶች አንካሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ጫራና መተከል ናቸው። የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ ጥር 23 በአዊ ዞን ዋና ከተማ በእንጅባራ ይከበራል፤ በ2015 ዓ.ም. 83ኛው ተከብሯል። አባላቱ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ ናቸው። የተቋቋመበት ምክንያት በዓድዋ ለዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ እንዲሆን ነው ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ።

ሦስት ነገር ግን አልገባኝም። አንደኛ፣ ዓድዋ የካቲት 23 ሆኖ ሳለ በዓሉ ለምን ጥር 23 ሆነ? ሁለተኛ፣ 1932 ጣሊያን ገና አገሩን ያልለቀቀበት ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ የዓድዋን መታሰቢያ ማን ደፍሮ አቋቋመ? ሦስተኛ፣ ስታዲየምና መድረክ ሳይኖር፣ ሚዲያም ሳይመጣ በፊት ሰዎቹ ምን ያደርጉ ነበር?

_______

ዘንገና

ልጄ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። አርባ ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ የምነግርህ ከአባቴ የሰማሁትንና ራሴ ያሰብኩትን ነው። ሁለቱን ለይቼ ነው የምጽፍልህ።

ስለ ጥር እንነጋገር። ማኅበሩ ሲመሠረት ፈረሰኛውን የሰበሰበው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ ይዘከራል፤ ዓድዋም የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነው። በሥዕሉ ላይ ሰማዕቱ በአምባላይ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ ያላየ የለም። ለፈረሰኛ ከዚህ የቀረበ ጠባቂ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ቀኑ 23 መሆኑ አያስገርምም።

ከየካቲት ይልቅ ጥር የተመረጠበትን ግን እኔ የማስበው በጾሙ ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ስለዚህ የካቲት 23 በአብዛኛው ጾም ላይ ይውላል። የዓድዋ ጦርነት ራሱ የተደረገው በጾም ወራት ነበር። ጥር 23ን ግን ዐቢይ ጾም መቼም አይነካውም፤ ጾም ቢገጥመው ነነዌ ወይም ረቡዕና ዓርብ ነው። እንደልብ ይታረዳል፣ ጠላው ይጠመቃል። ገብሱ ከአውድማ ገብቷል፣ ፈረሱ የመኸሩን ገለባና ቃርሚያ በልቶ ሰውነቱ ተመልሷል፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው። የአገራችን ገበሬ በዓል ሲያበጅ ከብቱ የሚጠግብበትንና እጁ ሥራ የሚፈታበትን ጊዜ ያውቃል።

ስለ 1932 የጠየቅከው ከሁሉ ይበልጥብኛል። በዚያ ዓመት ዳንግላም እንጅባራም የጣሊያን ምሽግ ነበረባቸው። ጃንሆይ ኦሜድላ ላይ ሰንደቁን የተከሉት በማግሥቱ ዓመት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የወጣው በዚያው ዓመት የካቲት ነው። ማኅበሩ ሲጀመር እንግዲህ ነጻነት ገና አልመጣም ነበር። አባቴ እንደሚለው በዚያ ዘመን ሰው በአንድ ላይ ቢታይ ይጠረጠራል፤ ለጽዋ ከተሰበሰበ ግን ምን ይባላል? የጊዮርጊስ ዝክር ነው። ፈረስ ይዞ መምጣቱም ለበዓል ነው። ይህ የቤተሰባችን ወሬ ነው፤ በወረቀት የሰፈረ ሆኖ አላየሁትም። ዓመቱን ሳስበው ግን ልቤ ይቀበለዋል። የዓድዋ ድል በተዘከረ ቁጥር በምሽጉ ውስጥ ላለው ጣሊያን ምን እንደሚሰማው ገምት።

ሦስተኛውን ጥያቄህን ማታ እመለስበታለሁ፤ ዓይኔ ደከመ።

_______

ዳማ ፈረስ

ጋሼ ዘንገና፣ ዕድሜ ይስጥልን። የጾሙ ነገር ጭራሽ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ገባኝ።

እኔ የምጨምረው የዓድዋን ነገር ነው። ጎጃም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ዘምቷል፤ የአገውም ልጅ በዚያ ሠራዊት ውስጥ ነበር። በዓድዋ ፈረሰኛው ትልቁን ሥራ የሠራው የጠላት መስመር ተፈትቶ ሽሽት ሲጀምር ነው። መድፍ በተራራ ላይ እግረኛን ተከትሎ አይሮጥም፤ ፈረስ ግን ይከተላል። በዚያ ዘመን ሰው ከስሙ ይልቅ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ አሉላ አባ ነጋ። ፉከራው ላይ ሰውዬውና ፈረሱ አንድ ናቸው። ለፈረስ መታሰቢያ መቆሙ ለውጭ ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል፤ የራሱ ስም የፈረሱ ስም ለሆነ ሕዝብ ግን እንግዳ አይደለም።

_______

ማሪቢርኖንግ ዳር

ሰላም ጋሼ፣ ሰላም ወንድሞቼ። የምጽፈው ከሜልቦርን ነው። ዳንግላ ተወልጄ እዚህ ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው። ዳማ ፈረስ "ለውጭ ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል" ስላለ ነው የምጽፈው፤ እኔ ያየሁት ሌላ ስለሆነ።

እዚህ አገር እያንዳንዷ የገጠር ከተማ የራሷ ዓመታዊ የግብርና ትርኢት አላት። ገበሬው በሬውን፣ በጉን፣ ስንዴውን፣ ያበሰለውን ኬክ ሳይቀር ይዞ ይወጣል፣ ዳኛ ያያል፣ ሪባን ይሰጣል። የፈረስ ውድድር የሌለበት ትርኢት ግን አላየሁም። የሜልቦርኑ ትልቁ ትርኢት የሚደረገው አስኮት ቬል በሚባለው ሜዳ ነው፤ ከ1883 ጀምሮ እዚያው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከፉትስክሬይ፣ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ካሉበት፣ ሩቅ አይደለም። ጅማሬው ደግሞ በ1848 የማረሻ ውድድር ነበር፤ ማን ቀጥ ያለ ትልም ያወጣል የሚል።

እዚያ ትርኢት ላይ ጋሪኦወን የሚባል የሴቶች የፈረስ ውድድር አለ። ጋሪኦወን የፈረስ ስም ነው። ባለቤቱ ቫዮሌት ሙረል የምትባል ሴት ነበረች። በ1934 ጋጣው በእሳት ሲያያዝ ፈረሷን ለማውጣት ገብታ እሷም ሞተች። ባሏ ሊያድናት ገብቶ እሱም በቃጠሎው ሞተ። በዚያው ዓመት መታሰቢያው ውድድር ተጀመረ፤ እስከ ዛሬ አለ። ዳኞቹ ግልቢያውን ብቻ አያዩም። የፈረሱን አቋምና ጠባይ፣ የኮርቻውን ንጽሕና፣ የልጓሙን ቆዳ፣ የልብሷን ስፌት ሳይቀር ቀርበው ይመረምራሉ። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አባቴ የጥር 22 ማታ ግላሱን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መርገፉን ክር በክር ሲያበጥር ታየኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንድ ሌላ ነገር። ቤቴ ማሪቢርኖንግ ወንዝ አጠገብ ነው። በዚህ ሰፈር በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን የጦር ፈረስ ማደሪያ ነበር። አውስትራሊያ ለዚያ ጦርነት ከመቶ ሺህ በላይ ፈረስ ልካለች። ወደ አገሩ የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ ሳንዲ ይባላል። ጋሊፖሊ ላይ ቆስሎ የሞተው የጄኔራል ብሪጅስ ፈረስ ነበር። በ1918 መጨረሻ መጥቶ እዚሁ ሰፈር ሣር ሲግጥ ቆይቶ በ1923 ሞተ። ከዚያ ሁሉ ፈረስ አንዱ። የወጡበትን የሚቆጥር፣ ያልተመለሱትን የሚያስብ ሰው እዚህም አለ። የእኛ አባቶች ለዓድዋ ፈረስ ማኅበር ማቆማቸውን ለሥራ ባልደረባዬ ስነግራት አልገረማትም፤ "ቀኑ መቼ ነው? ልሂድ" ነው ያለችኝ።

_______

ዘንገና

እህቴ፣ ያ አንድ ፈረስ ልቤን ነካው። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልመለስ። በልጅነቴ የማኅበሩ ዋና ሥራ ግልቢያ አልነበረም። ሞት ነበር። አባል ሲሞት ፈረሰኛው ከየቀበሌው ይወጣል። የሟቹ ፈረስ በግላሱ አጊጦ፣ ባለቤቱ ሳይቀመጥበት፣ ጋሻውና ጦሩ ተጭኖበት ይሳባል። አልቃሹ የሟቹን ትቶ የፈረሱን ሙሾ ያወርዳል። ያ ፈረስ አንገቱን ደፍቶ ባዶ ኮርቻ ይዞ ሲያልፍ ያላለቀሰ ሰው አላየሁም። ሠርግም ሲሆን እንደዚያው፤ ሙሽራውን የሚያጅበው ፈረሰኛው ነው። ሁለት ቤት በድንበር ሲጣላ የማኅበሩ ሽማግሎች ገብተው ያስታርቃሉ። ዕርቅ የረገጠ ሰው ከማኅበር መውጣቱ ከቅጣቱ ይበልጥበታል፤ ሲሞት ማን ያጅበዋል?

ጥር 23 እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው በዓመት አንድ ቀን የሚገናኝበት ነው። ጉግሱ ነበር፤ ግማሹ ዘንግ ይዞ ያሳድዳል፣ ግማሹ ጋሻውን ከጀርባው አዙሮ ይመክታል። የስግሪያውም ነበር፤ ፈረሱ እየሰገረ ሲሄድ ከላይ የተቀመጠው ሰው ብርሌ ቢይዝ ጠጁ አይፈስበትም። እኔ በግሌ ከሽምጡ ይልቅ ስግሩን እወዳለሁ። ሽምጥ ለማንም ድፍር ልጅ ነው፤ ስግር ግን የዓመታት ሥራ ነው።

ሌላ የማይጻፍ ነገር ልንገርህ። የድሮ ሰው ፈረስ ላይ የሚወጣው ከቀኝ በኩል ነበር። ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ስለሚታጠቅ። እርካቡም እግር ሙሉ አያስገባም፤ በባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ ነው የሚያዘው። አያቴ እንደዚያ ሲወጣ አይቻለሁ። ዛሬ ያንን የሚያውቅ ወጣት ስንት አለ?

_______

ፋግታ

ጋሼ፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ፤ አንድ የሚያሳስበኝን ልናገር። ሁላችንም ስለ ጦርነትና በዓል ነው የምንጽፈው። የእኛ አገር ፈረስ ግን ከሁሉ በፊት የገበሬ ነው። በሌላው የአማራ አገር "በፈረስ አረስኩ" ብትል ሰው ይስቅብሃል። እኛ ዘንድ ግን በፈረስ ይታረሳል። አባቴ በሬ ሲጎድለው ሁለት ፈረስ ጠምዶ ነው ድንቹን የሚያስገባው። ፈረስ እንደ በሬ ሻኛ የለውም፤ ቀንበሩ አንገቱን እንዳይጎዳው እናቴ የበግ ለምድ ትጠቀልልበት ነበር። ሲወቃም በአውድማው ላይ ፈረሱን ይነዱታል። ቅዳሜ ገበያ ይጭናል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ጥር 23 ያ የእርሻ ፈረስ ነው ግላስ የሚለብሰው። የተለየ የበዓል ፈረስ የለም፤ ቢያንስ አልነበረም።

አሁን ምን ሆነ? ወረዳችንን ፋግታን የሚያውቅ ያውቀዋል። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ አለ። ሰው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዛፍ ተከለ፤ በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። ብሩ ጥሩ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶበታል፣ እኔም የተማርኩበት ነው፣ ስለዚህ አልረግመውም። ግን ግጦሹ በዛፍ ተያዘ። ከሰሉን የሚጭነው አይሱዙ ነው፣ ሰውን የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው። አባቴ ከነበሩት አራት ፈረሶች አንድ ቀርታዋለች። ለምን አልሸጥካትም ብለው "ስሞትስ?" አለኝ። ጋሼ የጻፉትን ሳነብ ነው ምን ማለቱ እንደነበር የገባኝ።

_______

የእንስሳት ሐኪሟ

የፋግታን ወንድማችንን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሙያዬ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ በዞኑ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ።

ሰው የአዊ ደጋ ለምን የፈረስ አገር ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ብትወርዱ ወደ ጃዊና መተከል ቆላ ፈረስ እየቀነሰ ይሄዳል። ምክንያቱ በሽታ ነው። በቆላው የቆላ ዝንብ አለ፣ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ሌላው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው፤ በዓይን የማትታይ በምትመስል ትንሽ ዝንብ ይተላለፋል፣ በተለይ ዝናቡ ሲያበቃ። ማለዳ ደህና የነበረ ፈረስ ማታ ትንፋሽ አጥሮት አፍንጫው አረፋ ይሞላና ይሞታል። ደጋው ብርድ ስለሆነ ያቺ ዝንብ እንደ ቆላው አትበዛም። ፈረሱ በተራራው ላይ የበዛው ብርዱ ስለጠበቀው ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ አገር ውስጥ ይመረታል፤ ችግሩ ፈረሱ ጋ መድረሱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አለ፤ በክትባት ዘመቻ ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ከብቱ ነው።

በዓሉን እወደዋለሁ። ግን በየዓመቱ ጥር 24 ወደ ክሊኒክ የሚመጣውን ማንም ካሜራ አይቀርጸውም። ገጣባ ፈረስ ላይ አዲስ ግላስ ጣል ተደርጎበት ቀኑን ሙሉ ሲጋልብ ይውላል፤ ማታ ኮርቻው ሲነሣ ቁስሉ አብሮ ይላጣል። አፉ በልጓሙ ተሰንጥቆ የሚመጣ አለ። በአንድ ዓመት ሽልማት ያገኘ ፈረስ በማግሥቱ አክሜያለሁ፤ ጀርባው አጥንቱ ይታይ ነበር። እህታችን ከሜልቦርን የጻፈችው ለዚህ ደስ አለኝ። እዚያ ዳኛው ፈረሱን ራሱን ይመረምራል። እኛም አንድ የእንስሳት ሐኪም በመግቢያው ላይ ቆሞ ኮርቻ አስነሥቶ ቢያይ፣ ገጣባውን ቢመልስ፣ ከዳኝነቱ ነጥብ ግማሹ ለፈረሱ ጤና ቢሆን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ሰው ይለወጣል። ገበሬው ጠልቶ አይደለም፤ የሚያየው ስላጣ ነው።

_______

ዳማ ፈረስ

ዶክተር፣ እውነትሽን ነው፤ ግን ስታዲየሙንም ሽልማቱንም አንጣለው። የእኔ ታናሽ ወንድም ፈረስ የጀመረው ዋንጫውን አይቶ ነው። ያለዚያ ኳስ ላይ ነበር የሚቀረው። ዩኔስኮ ይመዝግበው የሚለው ንግግርም ሰው ቅርሱን እንዲያይ አድርጎታል።

_______

የእንስሳት ሐኪሟ

አልጥለውም ዳማ። በሩ ላይ አንድ ሰው ይቁም ነው የምለው።

_______

ቦራ

እኔ የ19 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሁለት ጊዜ በጥር 23 ጋልቤያለሁ። የመጀመሪያው ዓመት አያቴ "ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ ትወጣለች እንዴ?" ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በዓሉ ዕለት ግን ማለዳ ተነሥቶ እርካቡን በእጁ አሳጠረልኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። የጋሪኦወንን ታሪክ ሳነብ የሴቶች ብቻ ውድድር እኛም ቢኖረን ብዬ ተመኘሁ። አሁን ያለነው ጥቂት ነን፣ ከወንዶቹ ጋር ተቀላቅለን ነው የምናልፈው፤ ማንም ለይቶ አይዳኘንም።

የቀኙን ነገር ደግሞ አያቴን ጠይቄው ነበር። ተነሥቶ አሳየኝ። 78 ዓመቱ ነው፤ በቀኝ በኩል ዘሎ ወጣ።

_______

የባንጃ ልጅ

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቄ ይህን ሁሉ አገኘሁ።

ለእህቴ ልጅ ትናንት ማታ ነገርኳት። ከዓድዋ ልጀምር ብዬ ነበር፤ የጀመርኩት ግን ከፋግታው አባት ነው፤ አንዲት ፈረስ አስቀርቶ "ስሞትስ?" ካለው። ከዚያ የበግ ለምዱን፣ ከዚያ ባዶ ኮርቻውን፣ ከዚያ ጣሊያን ምሽጉ ውስጥ ሆኖ የጊዮርጊስን ዝክር ሲሰማ። ስለ ሳንዲም ነገርኳት። "ሌሎቹስ ፈረሶች?" አለችኝ። አልተመለሱም አልኳት።

አንድ ሐሳብ አለኝ። በኅዳር አገር ቤት እገባለሁ። ጋሼ ዘንገና ከፈቀዱልኝ ድምፃቸውን ልቅረጽ፤ የቦራንም አያት ቢፈቅዱ ከቀኝ በኩል ሲወጡ በቪዲዮ ብናስቀር። በየቤታችሁ ከ1950ዎቹ በፊት የተነሣ የፈረስ ፎቶ ያላችሁ እዚሁ ለጥፉልኝ። የግላሱ ቀለምና የመርገፉ አሠራር ከቤት ቤት ይለያያል ይባላል፤ ሽማግሎቹ ሳያልፉ ብናውቀው።

ዶክተር፣ የመግቢያውን ምርመራ ሐሳብ በጽሑፍ አድርጊልኝ፤ ለማኅበሩ ሽማግሎች እኔ ይዤ እሄዳለሁ።

_______

ዘንገና

ና ልጄ፤ ቤቴን ታውቀዋለህ፣ ከሐይቁ ወዲህ ነው። የአባቴ ኮርቻ አለ። ቆዳው ደርቋል፤ እርካቡ ግን ያው የአውራ ጣቱ ነው።

_______

ፋግታ

እኔም እመጣለሁ። አባቴን ይዤ፣ ፈረሲቱንም ይዤ።